ቧንቧው ላይ የታሰረው አረንጓዴ ሽቦ

መስከረም 12

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ በልጅነቱ ቶሎ ስለሚቃጠል ፊውዝ ላልኩት፤

እንደምን ከረምክ? ጤናህስ? እኛ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነን። እትዬህ ይህን ስጽፍ ከጎኔ ቆማ «እየበላ ነው ወይ ብለህ ጠይቀው» ትላለች። ጠይቄሃለሁ። የያዝከው ይቅናህ፤ ክፉ አይንካህ፤ ከሰው ፊት አያሳፍርህ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። እንጨት እያዞርኩ የምቀርጽበትን ቶርኖዬን ታውቀዋለህ፤ ልጅ ሳለህ መርገጫው ላይ ወጥተህ ስትወዛወዝበት የነበረው ነው። ሠላሳ ዓመት በእግሬ አዙሬዋለሁ። አሁን ቀኝ ጉልበቴ በቃኝ ብሏል፤ አንድ የአልጋ እግር ለማውጣት አራት ጊዜ ቁጭ እላለሁ። ሐኪሙ መርገጥ አቁም አለኝ። መርገጥ ሳቆም ምን እንደምበላ ግን አላዘዘልኝም።

ስለዚህ ሞተር ገዛሁ። ከተዘጋ ፋብሪካ የወጣ፣ ትከሻው የሰፋ ሞተር ነው። ችግሩ የግድግዳውን ኮረንቲ እንዲሁ አይቀበልም፤ ተቀንሶለት፣ ተጣርቶለት፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ሆኖ ካልቀረበለት አይነሳም አሉኝ። በስተርጅና የሚሞላቀቅ ሞተር አገኘሁልህ። አንተ ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምትሠራው ይህንኑ የኮረንቲ ሳጥን አይደል? እንዴት እንደሚሠራ ጻፍልኝ፤ የጎደለውንም ዕቃ ላክልኝ። ሳጥኑን ራሱን ጨርሻለሁ። ከወይራ ነው፤ ማዕዘኑ ላይ አንድ ሚስማር የለበትም፤ ብታየው ልብስህን አጣጥፈህ ልታስቀምጥበት ያምርሃል። የቀረኝ ሆዱን መሙላት ነው።

አዳሪ ትምህርት ቤቱ የአርባ አልጋ እግር አዞኛል። እስከ ጥር መጨረሻ ካላደረስኩ ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ያኔ ወርክሾፑን ዘግቼ ቀኑን ሙሉ ከእትዬህ ጋር መጨቃጨቅ ነው የሚቀረኝ፤ በእሱ ደግሞ ማን እንደሚያሸንፍ ታውቃለህ።

ሌላ ወሬ የለም። ክረምቱን ሙሉ መንገዱን ሲቆፍሩት ከረሙ፤ የዛገውን የውሃ ቱቦ አውጥተው የሚተጣጠፍ ጥቁር ፕላስቲክ ቀበሩበት። የስልኩንም መስመር አብረው በጠሱት፤ ባለሱቁ ጋ ደውለህ አታገኘኝም። ብታገኘኝም ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም። ጻፍልኝ።

አጎትህ

ጥቅምት 9

ለምወድዎት አጎቴ፤

ሰላምታዬ ከእትዬ ይጀምርና ወደ እርስዎ ይምጣ። እየበላሁ ነው ይበሏቸው። ለጉልበትዎ ምሕረት ይላክለት፤ እጅዎ አይዛል።

አጎቴ፣ መጀመሪያ ያንን ወይራ ይተዉት። እንዲህ ያለ ሳጥን ይግላል፤ አንድ ቀን አንድ ነገር ውስጡ ቢነድ ወይራ ማገዶ ነው። የብረት ሳጥን ይሥሩለት። አያምርም፤ እንዲያምርም አልተፈለገም።

እኔ የምሠራበት ቦታ አንድ ሳጥን ስጨርስ ሌላ ሰው ይፈትሸዋል። እሱ ሲጨርስ ሦስተኛ ሰው መጥቶ የእሱን ፍተሻ ይፈትሻል። ይህ ሁሉ ሰው ሥራ አጥቶ አይደለም። ኮረንቲ ይሉኝታ የለውም፤ ሽማግሌ ነው፣ ዘመድ ነው፣ ለፍቶ አዳሪ ነው አይልም።

ዕቃዎቹን ለሚመጣ ሰው ሰጥቼ ልኬያለሁ። የአያያዙን ሥዕል በሌላ ወረቀት ላይ ሠርቼልዎታለሁ። ፊውዙ ከሁሉ በፊት ይግባ። ትልቁ ሲሊንደር የሚመስለው ኮንደንሰር ነው፤ ሶኬቱን ነቅለውም ቢሆን ኮረንቲ ቋጥሮ ይቆያል። ሥዕሉ ላይ ያለችው ትንሽ ሬዚስተር እሱን የምታፈስ ናት፤ አይርሷት። እሷም እያለች ነቅለው አምስት ደቂቃ ሳይቆዩ እጅዎን እንዳያስገቡ። አረንጓዴው ሽቦ ከሳጥኑ ብረትና ከሞተሩ ገላ ተነስቶ መሬት ይገባል። ውስጥ አንድ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ቢነካ፣ ኮረንቲው በእርስዎ ሳይሆን በእሱ በኩል እንዲሄድ ነው። ቤት ውስጥ ወደ መሬት የሚገባ ብረት አይጠፋም፤ እሱ ላይ ጥብቅ አድርገው ይጠምጥሙት።

ሲጨርሱ፣ ሳይሰኩት፣ የውስጡን ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። የውስጡን።

የወንድምዎ ልጅ

ኅዳር 6

ይድረስ ለፊውዝ፤

ጤና ይስጥልኝ። አንተ በርታ፤ እኛ በርትተናል።

ዕቃው በደህና ገባ። ደብዳቤህን ሳነብ ግን የወንድሜ ልጅ ነው የጻፈው ወይስ የመቃብር ቆፋሪ ብዬ ገልብጬ ስሙን አየሁ። አያስገቡ፣ አይሰኩ፣ አይንኩ! ይሄን ያህል የምትፈራው ከሆነ እንጀራህን ምነው ከእሱ ጋር አደረግከው?

እሺ፣ ቆርቆሮ ይሁን አልኩ። የዘይት ቆርቆሮ ቆርጬ፣ አጥፌ፣ ሳጥን አደረግኩት። ፊቱ የሚያስጠላ ነገር ወጣ። ስለዚህ ቆርቆሮውን ወይራው ውስጥ ከተትኩት። አንተም እንዳትቀየም፣ እኔም እንዳላፍር። ሽቦውን በሥዕልህ መሠረት አንድ በአንድ አያያዝኩት፤ ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ሬዚስተሯንም አልረሳኋትም።

ፎቶው እስኪደርስህ፣ መልስህ እስኪመጣ ወር ተኩል ነው። አልጋዎቹ አይጠብቁኝም። ሰካሁት።

ዞረ! ልነግርህ አልችልም። ያ የደረቀ እንጨት እንደ ሊጥ ለሰለሰልኝ። በአንድ ቀን ስድስት እግር አወጣሁ፤ ጉልበቴ ወንበር ላይ ተቀምጦ አየኝ። እትዬህ መጥታ እልል ልትል ነበር፤ የሞተሩ ድምፅ አሳቀቃት።

አንድ እንከን ብቻ አለ። ሲነሳ ፊውዝ ያቃጥላል። ከላክኸልኝ አምስት ሁለት ቀርተውኛል። ወፈር ያለ ላክልኝ። አረንጓዴውንም እንዳልከው አስሬዋለሁ። ፎቶዎቹ እነሆ።

አጎትህ

ኅዳር 30

ለአጎቴ፤

ሰላም ለቤትዎ። ለእትዬ የአንገት ልብስ ልኬያለሁ።

ፎቶዎቹ ደረሱኝ። አንዱ የሳጥኑ ክዳን ነው። ሁለተኛው የሳጥኑ ጎን ነው። በሦስተኛው እርስዎ ኮት ለብሰው ክዳኑ ላይ እጅዎን አሳርፈዋል። የሠርግ ፎቶ ነው የላኩልኝ፤ ሙሽሪትን ግን አላየኋትም። ይህን የምጽፈው በምሳ ሰዓት ካርቶን ላይ ተደግፌ ነው፤ አጠገቤ የሚሠራው ሰው ጥርስህን ምን አስፋጨህ ይለኛል። ምን ብዬ ላስረዳው?

ወፍራም ፊውዝ አልክም። ፊውዝ ዘበኛ ነው፤ ጮኸብኝ ተብሎ ዘበኛ በሚያንቀላፋ ዘበኛ አይቀየርም። ሞተር ሲነሳ ለአፍታ ብዙ ይስባል፤ ያችን አፍታ የሚታገሥ የፊውዝ ዓይነት አለ፤ መጠኑ ያው ነው። ስድስት ልኬያለሁ። እባክዎ ሚስማር፣ የሲጋራ ወረቀት፣ የሽቦ ፍንጣቂ በእሱ ቦታ እንዳይከቱ።

አሁን አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። አረንጓዴውን ሽቦ የት ነው ያሰሩት? «እንዳልከው» አይበሉኝ። የት? እኔ እዚህ ዓይኔን ታስሬ ነው እርስዎን የምመራው። ከዚህ ደብዳቤ ሌላውን ሁሉ ቢረሱት ግድ የለኝም፤ ይህቺን ይመልሱልኝ።

የወንድምዎ ልጅ

ታኅሣሥ 29

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ይህን ያህል የዘገየሁት ታምሜ አይደለም፤ ተቀይሜ ነው። ይህንን ደግሞ በደንብ እንድታውቀው ነው የምጽፍልህ። አባትህ እንኳ፣ ታላቄ ሆኖ፣ «ጥርሴን አስፋጨኸኝ» ብሎኝ አያውቅም። እኔ ኮረንቲ ባላውቅ ሥራ አውቃለሁ። መጋዝ ይዤ አርባ ዓመት ስኖር ጣቶቼ አሥር ናቸው፤ ቆጥረህ ስጠኝ ብትል እሰጥሃለሁ።

ይሁን። ልጅ ያጠፋል፣ አዋቂ ይምራል። ሠላሳ አልጋ ጨርሻለሁ። የላክኸልኝ ታጋሽ ፊውዝ አንድም አልተቃጠለ፤ አምስቱ በወረቀታቸው እንዳሉ ተቀምጠዋል። ሞተሩ አንዳንድ ቀን የተቃጠለ ነገር ይሸታል፤ የእንጨት ብናኝ ገብቶበት ነው።

ሽቦው የት ነው ላልከው፣ ከወርክሾፑ ግድግዳ ጀርባ ያለው የግቢው ቧንቧ ላይ ነው። ወደ መሬት የሚገባ ብረት አልክ፤ እሱ ብረት ነው፣ ወደ መሬት ይገባል። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ በፒንሳ ስምንት ዙር ጠምጥሜ አስሬዋለሁ። ጎትተህ አታላቅቀውም። ደስ አለህ?

አዳሪ ትምህርት ቤቱ ጨርስ እያለ ሰው ይልክብኛል። ክረምቱ ያፈረሰው የኩሽናችን ጣሪያ ገና አልተጠገነም። ባለሱቁ ሁለተኛ ልጁን ዳረ።

እትዬህ የአንገት ልብሱን ወዳዋለች። እጇን ግን ታማለች። ከጣቷ እስከ ክርኗ ይነዝረኛል ትላለች፤ በተለይ ልብስ ስታጥብ። እሁድ እሁድ ይተዋታል፤ ያው እረፍት ስለሆነ ነው። ቧንቧው ነው የሚነዝረኝ ብላ ደግሞ ታሥቀኛለች። ዕድሜ ነው አልኳት። የሚቀባ መድኃኒት ካለ ላክላት።

አጎትህ

ጥር 18

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

መልስህ ሳይመጣ ደግሜ መጻፌ ነው። ቸር ያሰማህ ልበል፣ እኔ ግን ቸር አልሰማሁም።

ትናንት ከሰዓት ቶርኖው ላይ ነበርኩ። ሞተሩ ሲዞር ጭራሽ አልሰማም። ያወጣሁትን እግር በብርሃን ላየው ብዬ ይዤው ወደ ደጅ ወጣሁ። እትዬህ ቧንቧውን ይዛ ቆማለች። ባልዲው ሞልቶ እግሯ ሥር ይፈስሳል። ዝጊው እንጂ አልኳት። አልዘጋችውም። ቀረብ ብዬ ፊቷን ሳየው ነው የገባኝ። አፏ ተከፍቷል። እጇ ቧንቧውን አልለቀው ብሏል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም፤ ጮኻ እንደሆነም አልሰማሁም። በያዝኩት የአልጋ እግር ክንዷን መታሁት። ወደቀች።

በሕይወት አለች። መዳፏ ተቃጥሏል። የመታሁት ክንዷ ተሰንጥቆ በጄሶ ታሽጓል። ሐኪሙ ልቧን ሲያዳምጥ ቆይቶ ትተርፋለች ብሏል።

ዛሬ ጠዋት ውሃ መሥሪያ ቤት ሄጄ ጮህኩ። ስትቆፍሩ ኮረንቲ ከውሃ ጋር አገናኛችሁት አልኳቸው። አንዱ «አባት፣ እኛ የምንሸጠው ውሃ ብቻ ነው» አለኝ። ሣቁብኝ። አንድ ሰው እንልካለን ብለዋል፤ እስኪመጣ ቧንቧውን በእንጨት እንከፍተዋለን።

ከእኔ በኩል እንዳልሆነ አረጋግጫለሁ። እሷ እዚያ ተይዛ ቆማ ሞተሩ ምንም ሳይሆን ይዞር ነበር። ፊውዙን አወጣሁና አየሁት፣ ደህና ነው። ከእኔ ቢሆን ያ ዘበኛህ ይጮህ አልነበር? አራት አልጋ ቀርቶኛል። ነገ ሥራ እቀጥላለሁ።

አጎትህ

ጥር 22

አጎቴ፤

ሰላምታው ይቆየን። ይህን ወረቀት ያስቀምጡና ሄደው ቆጣሪው ጋ ያለውን ማጥፊያ ያውርዱ። ከዚያ ተመልሰው ያንብቡት።

የታኅሣሥ 29 ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዛሬ ነው። እትዬ የሚነዘሩት በዕድሜ አይደለም። ቧንቧው ነዘረኝ ካሉ ቧንቧው ነዝሯቸው ነው።

ብረቱ ወደ መሬት አይገባም። ከመሬት በላይ ያለችው አንዲት ክንድ ብረት ናት፤ ከሥሯ ፕላስቲክ ነው። ኮረንቲ በፕላስቲክ አያልፍም። ስለዚህ አረንጓዴው ሽቦ መሬት አልገባም፤ ከሞተሩ ተነስቶ ቧንቧው ላይ ቆሟል። ሞተሩ ውስጥ የሆነ ሽቦ ተልጧል፤ የሚሸትዎት እሱ ነው፤ የእንጨት ብናኝ አይደለም። የሞተሩ ገላ ኮረንቲ ሲይዝ ቧንቧውም ይይዛል። እርስዎ ደረቅ ፍቅፋቂ ላይ ቆመው ስለሚሠሩ አይሰማዎትም። እሳቸው እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆመው በእርጥብ እጅ ነው የሚይዙት። እሁድ የሚተዋቸው እርስዎ እሁድ ስለማይሠሩ ነው።

ፊውዙን አይመኑት። ዘበኛ ነው ያልኩዎት እኔ ነኝ። ዘበኛነቱ ለሽቦው እንጂ ለሰው አይደለም። ፊውዝ የሚቃጠለው ብዙ ኮረንቲ ሲያልፍበት ነው፤ ሰው ለመግደል ደግሞ ጥቂቱ ይበቃል። ይህን አውቃለሁ፤ በየቀኑ የምሠራው እሱን ነው። ግን አልጻፍኩልዎትም።

የመስከረም ደብዳቤዎን አውጥቼ አነበብኩት። መንገዱን ቆፍረው ፕላስቲክ ቀበሩ ብለው ጽፈውልኛል። ያኔ ወሬ ነው ብዬ ዘልዬው የዕቃውን ዝርዝር ፈለግኩ። ከዚያ ደግሞ «ወደ መሬት የሚገባ ብረት አይጠፋም» ብዬ በእጄ ጻፍኩ። የትኛው ብረት፣ ከሥሩ ምን አለ ብዬ አልጠየቅኩም። እዚህ እንዲህ ብጽፍ ሁለት ሰው ይመልስብኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለእትዬም እንዲህ ብለው ያንብቡላቸው።

ሽቦውን ከቧንቧው ላይ ይፍቱት። ቶርኖውን አይንኩት። መለኪያ ያለው የኮረንቲ ሠራተኛ ይጥሩ፤ ሁለት ሜትር ዘንግ መሬት ውስጥ ይምታና ለክቶ በቁጥር ይንገርዎት። ኮረንቲ ከመንገዱ ሾልኮ ሲወጣ፣ ጥቂትም ቢሆን፣ ወዲያው የሚቆርጥ ማጥፊያ ልኬያለሁ፤ እሱ ሳይገባ ምንም አይሰኩ። ባለሱቁ ጋ ስደውል ዋልኩ፤ መስመሩ እንደተበጠሰ ነው። ይህንን በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ።

የወንድምዎ ልጅ

የካቲት 9

አጎቴ፤

የጥር 18 ደብዳቤዎ ዛሬ መጣ። እኔ ተቀምጬ ያንን ሁሉ ስጽፍ እትዬ ከወደቁ አምስት ቀን ሆኗቸው ነበር።

«ነገ ሥራ እቀጥላለሁ» ይላል መጨረሻው። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? የጥር 22 ደብዳቤዬ ደርሶዎታል? በእንጨት ነው የምንከፍተው ይላሉ፤ እንጨቱም ይረጥባል እኮ። ዛሬ የጀመርኩትን ሳጥን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ወጣሁ።

ይቆጡኝ፣ ይስደቡኝ፣ እንደፈለጉ። ብቻ እሳቸው እንዴት እንደሆኑ አንድ መስመር ይጻፉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ

መጋቢት 6

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

እንዳትጨነቅ ከእሱ ልጀምር። እትዬህ በሕይወት አለች፤ ጄሶው ተፈትቷል። ማጥፊያውን ደብዳቤህ በደረሰ ጊዜ አውርጃለሁ፤ የቀረውን ያነበብኩት በኋላ ነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ግን ቶርኖው ሲዞር ነበር። ይህን ብደብቅህ ደስ ይለኝ ነበር።

የኮረንቲ ሠራተኛ ጠራሁ። ሞተሩን ሲፈታው የውስጡ መጠቅለያ ከስሎ ጥቁር ሆኗል። ሁለት ቦታ ሽቦው ራቁቱን ነው። አሳየኝና «በዚህ ነው የሚሠሩት?» አለኝ። የሞተሩን ሽቦ ሌላ ሰው እንደ አዲስ ጠቀለለው። ዘንጉ ተመታ፣ ተለካ፣ ቁጥሩ ጥሩ ነው አሉ፤ ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ፣ አንተም ፈትሸው። የላክኸው ማጥፊያ ገብቷል። ጠዋት ጠዋት መሞከሪያ ቁልፏን ስጫን ጠቅ ይልና ቤቱ ሁሉ ይጨልማል። የሳጥኑንም ሆድ ፎቶ አስነስቻለሁ፤ ይኸው።

አልጋዎቹን ስድስት ቀን አዘግይቼ አስረከብኩ። ሌላ ሥራ ሰጥተውኛል። እንግዲህ ሁሉም ተስተካክሏል ልልህ ነበር።

ደብዳቤህን አነበብኩላት። «ጥፋቱ የእኔ ነው» የምትለው ላይ ስደርስ «እሱማ ሩቅ ነው» አለች።

ያ ቧንቧ አሁን ምንም የለበትም። ሽቦው ከተፈታ ቆይቷል፤ ሠራተኛው ፊቷ ለክቶ አሳይቷታል። እሷ ግን አትነካውም። በደህና እጇ ባልዲ ይዛ ከጎረቤት ትቀዳለች፤ ዳገቱን ታውቀዋለህ። በየቀኑ እሷ እያየች ቧንቧውን በሁለት እጄ እይዘዋለሁ። ውሃውን እከፍታለሁ፣ ፊቴን እታጠባለሁ፣ ይኸው አልሞትኩም እላታለሁ። ታየኛለች፤ ከዚያ ባልዲዋን አንስታ ትወጣለች።

ትናንት ትዕግሥቴ አለቀና ጮህኩባት። ተለክቷል፣ ወረቀት አለው፣ ባለሙያ ፈርሞበታል፣ ምን ላድርግልሽ? ምኑን ነው የማታምኚው? አልኳት።

«ቧንቧውንማ አምነዋለሁ» አለችኝ። «ነዘረኝ ብዬ ሁለት ወር ነገርኩህ። ያላመንኩት አንተን ነው።»

ባልዲውን ልያዝልሽ ብዬ ተከተልኳት። እሱንም እምቢ አለች።

አጎትህ